ጣና ላይ ለመዝናናት ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ስልጠናና ፈቃድ ግዴታ ይሁንበት? ሐሳባችሁን አምጡ

የሽምብጥ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ወጣ የሚል የባህር ዳር ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። ድሮ ጣና ላይ ሞተር የሚይዘው ስራው የሆነ ሰው ነበር፣ ከአባቱ ወይ ከአጎቱ ጋር እየዋለ የተማረ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ጉማሬው የት እንደሚውል፣ ንፋሱ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ። አሁን የራሱን ትንሽ ፋይበር ጀልባ የገዛ አለ፣ ለልደት ለሙሽራ ፎቶ ለጓደኛ ሽርሽር ተከራይቶ መሃል ላይ ሲደርስ «እስኪ እኔ ልሞክረው» የሚል አለ፣ ባለጀልባውም እንግዳውን ላለማስቀየም ሞተሩን ይለቅለታል። ላይፍ ጃኬቱ ደግሞ ወንበር ስር ተደርድሮ ነው የሚሄደው።

ባጃጅ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ባጃጅ ቢበላሽ መንገድ ዳር ትቆማለህ። ጣና ግን ከጫፍ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሐይቅ ነው፣ መሃሉ ላይ ሞተር ቢጠፋብህ ዳር የለም።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ለመዝናናት ሞተር ጀልባ የሚይዝ ማንም ሰው አጭር ስልጠና ይውሰድ፣ ፈተናውን ውሃው ላይ ይፈተን፣ ከዛ ካርድ ይሰጠው፣ ካርድ የሌለው ሞተር አይንካ። ስለ ንግድ ጀልባዎች አይደለም የማወራው፣ እነሱ የራሳቸው አሰራር አላቸው። ስለ ታንኳም አይደለም። ምን ትላላችሁ?

አባይ ማዶ
ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ግዴታ ሲባል ወረቀት ማለት ነው የሚሆነው። መኪና ላይ ስንት ሰው ነው መንጃ ፈቃድ ይዞ መንዳት የማይችለው? ነገ ጀልባ ላይም ገንዘብ ያለው ካርዱን ያወጣል፣ ገንዘብ የሌለው የደሃ ልጅ ደግሞ ካርድ የለህም ተብሎ ከሐይቁ ይባረራል። አደጋው ግን እንዳለ ነው የሚቀጥለው። ሰውን ማስተማር ከፈለጋችሁ አስተምሩ፣ ግዴታ ማድረጉ ምን ይጨምራል?

ተመላሽ ከካልጋሪ
ካናዳ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ እዛ ያለውን ላካፍላችሁ። ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ ብዬ ነው የማስበው።

ካናዳ ውስጥ ለመዝናናት ሞተር ያለው ማንኛውንም ጀልባ ለመንዳት የብቃት ካርድ ግዴታ ነው። ህጉ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው ግን ባንድ ቀን ሁሉም ላይ አልጣሉትም፣ መጀመሪያ ወጣቶቹን ያዙ፣ ቀጥሎ ትንንሽ ጀልባ ያላቸውን፣ በመጨረሻ በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ሁሉም ላይ ግዴታ ሆነ። አስር ዓመት ሙሉ ጊዜ ሰጥተዋል ማለት ነው። ካርዱ አንዴ ከወጣ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይታደስም፣ ስለዚህ በየዓመቱ ገንዘብ የሚጠይቅህ የለም። ጀልባ ተከራይ ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ደግሞ ካርድ ባይኖረውም አከራዩ ከመነሳታቸው በፊት የደህንነት ዝርዝር ወረቀት አብሮት አንብቦ አስረድቶ ሁለቱም ይፈርሙና በሱ ይነዳል፣ ለዛ ኪራይ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ይሄ ነገር ለባህር ዳር በጣም ይመቻል።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ፈተናው በኦንላይን ነው፣ 50 ጥያቄ፣ 75 በመቶ ካመጣህ አለፍክ። ጀልባ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ካርዱን ያወጣል። እዛ ሀገርም ብዙ ባለሙያ የሚቆጨው ይሄ ነው። አባይ ማዶ የፈራው ወረቀት እኛ ጋ ብቻ አይደለም ያለው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ይለያያል። እንግሊዝ ለመዝናኛ ጀልባ መንጃ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፣ ስልጠናው በፈቃደኝነት ነው፣ ግን የመማር ባህሉ ጠንካራ ነው። ጀርመን በሞተሩ ጉልበት ነው የምትለየው፣ ከ15 ፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነ ፈቃድ የግድ ነው፣ ከዛ በታች ብዙ ቦታ ላይ ነጻ ነው። አሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ህግ አለው፣ ፍሎሪዳ ከጥር 1 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሰው 10 ፈረስ ጉልበትና ከዛ በላይ ሞተር ለመንዳት ትምህርቱን መውሰድ አለበት ትላለች፣ ሽማግሌዎቹን አትነካም። አላባማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቃድ ትጠይቃለች።

የሽምብጥ ልጅ
በጣም እናመሰግናለን ወንድሜ። የኪራዩ ወረቀት ነገር ደስ ብሎኛል፣ እንግዳውንም አያስቀይምም። የጀርመኑም በሞተር ጉልበት መለየቱ ለኛ ይሆናል፣ ታንኳን ከጨዋታ ውጪ ያደርጋል።

መቅዘፊያ
እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝ፣ ስራዬም ጀልባ ነው፣ ልጄ እየጻፈልኝ ነው። ስለ ውጭ ሀገር ህግ አላውቅም ስለ ጣና ግን ልናገር።

ጣና ጠዋትና ከሰዓት አንድ ሐይቅ አይደለም። ጠዋት ጸጥ ይላል። ከሰባት ስምንት ሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ዘጌ ጠዋት በሰላም የገባ ሰው ገዳሙን ተሳልሞ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ የሚያገኘው ውሃ የሄደበት አይደለም። ደቅ ደሴት ድረስ ከሄደ ደግሞ ይብሳል፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ንፋሱም መሃል ላይ ነው የሚያገኘው። ጀማሪ ይሄን አያውቅም፣ ጠዋት ያየውን አይቶ ነው መመለሻውን የሚያስበው።

ሁለተኛ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ጥልቅ ካልሆነ አያሰጋም ይላል። የሚያሰጋው በዚህ ነው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይደርስብሃል። ማዕበልን በጎንህ አትቀበል፣ በጀልባው አፍንጫ፣ በፊቱ ጫፍ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ሰያፍ አድርገህ ጋዝ ቀንሰህ ነው የምትገባበት። ያልተማረ ሰው ሲደነግጥ ወይ ጋዝ ይጨምራል ወይ ድንገት ይቆርጣል፣ ድንገት ሲቆርጥ ራሱ ያስነሳው ሞገድ ከኋላ ደርሶ በሞተሩ በኩል ውሃ ያስገባል፣ የኋላው ዝቅ ያለ ነዋ።

ሶስተኛ ድንጋዩ። ሐይቁ ግንቦትና ሰኔ ይወርዳል፣ መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ጥቅምት ላይ ከላዩ በሰላም ያለፍክበት ድንጋይ ግንቦት ላይ ፕሮፔለርህን ይበላዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ውሃው በጣም ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ያስታውሳሉ። ስለዚህ «መንገዱን አውቀዋለሁ» ማለት በየትኛው ወር ነው የምታውቀው ተብሎ ይጠየቃል።

አራተኛ ጉማሬ። ወደ አባይ መውጫ ሰው የሚሄደው ጉማሬ ለማየት ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ሲነሳ ጀልባው ያጋድላል፣ ከጉማሬው በፊት የሚጥለው ያ ነው። ጉማሬውም በሱና በጥልቁ ውሃ መሃል ከገባህ መሸሻ ዘጋህበት ማለት ነው፣ ይመጣብሃል። ደግሞ አባይ አፍ ላይ ሞተር ቢጠፋ ውሃው ወደ ጨረጨራ ግድብ ይስባል፣ መጀመሪያ መልህቅ ጣል፣ ከዛ ነው ሞተሩን መነካካት። መልህቅ ሳይዝ የሚወጣ ስንት አለ መሰላችሁ።

እኔ ለካርዱም ለትምህርቱም እስማማለሁ ግን አስተማሪው ጣናን የሚያውቅ ይሁን።

የሽምብጥ ልጅ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ይሄ የጻፉት ብቻውን ለትምህርቱ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ቀበሌ 14
ጋሼ ሰላም ነዎት፣ ወጀብ ቢይዘን ወደ ቅርቡ ደሴት ነው ወይስ ወደ ከተማ ነው የምንሮጠው?

መቅዘፊያ
ወደ ቅርቡ መሬት፣ ከንፋሱ የሚከልልህ ጎን ካገኘህ። አምሽቶ ቤት መግባት ይሻላል። ሰው ወደ ከተማ የሚሮጠው ስልክ እየተደወለበት ስለሆነ ነው።

የደንገል ልጅ
ስለ ታንኳ አንስታችኋል ስለዚህ እኔም ልበል። የኛ ሰዎች ደንገል እየቆረጡ ታንኳ እየሰሩ በሱ አሳ እያጠመዱ፣ እንጨትና ድንጋይ እየጫኑ ኖረዋል፣ እስካሁንም አሉ። የታንኳ ትምህርት ቤት ሐይቁ ራሱ ነው፣ ልጅ ከአባቱ ጋር እየዋለ ይማራል፣ እዛ ላይ ማንም ካርድ አምጣ እንዲለን አልፈልግም፣ ያን ከመጀመሪያው ስለለያችሁ ጥሩ አድርጋችኋል።

የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ስለ ነጂውና ስለ ተሳፋሪው ብቻ ነው የምታወሩት፣ አጠገቡ ስላለው ሰውስ? ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ፈጣን ጀልባ በቅርብ ሲያልፍ በሚያስነሳው ሞገድ ታንኳው ይጥለቀለቃል፣ የያዝከው አሳ፣ መረቡ፣ አንዳንዴም ሰውየው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ጀልባው ላይ ያሉት ዞረው እንኳን አያዩም፣ ሙዚቃው ተከፍቷል። መረብ ላይ መሄድም አለ፣ መረቡ ይቆረጣል፣ ሞተሩም ይጠላለፍበታል። መረብ ማለት ለአንድ ቤተሰብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

ስለዚህ ትምህርቱ ውስጥ አንደኛው ነገር ታንኳ ስታይ ጋዝ ቀንስ፣ ራቅ ብለህ እለፍ የሚል ካልሆነ ለኛ ምንም አይጠቅመንም። ያስነሳኸው ሞገድ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነህ የሚል ነገርም ይግባበት።

ተመላሽ ከካልጋሪ
ልክ ነህ፣ እዛም ሞገድህ ላደረሰው ጉዳት አንተ ነህ የምትጠየቀው። በዓለም አቀፉ የ1972 የባህር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም አጠቃላይ ሐሳቡ ይሄው ነው፣ ፍጥነትህ እንደ ሁኔታው መሆን አለበት፣ አሳ እያጠመደ ላለ ትሸሻለህ፣ ከኋላ የሚቀድም ሰው ነው የሚጠነቀቀው። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ሞተሮች ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፣ የሚያቋርጥህ ጀልባ በቀኝህ በኩል ከመጣ አንተ ትለቃለህ። ማታ ደግሞ በግራ ቀይ በቀኝ አረንጓዴ መብራት አለ። እዚህ አንድ ሐይቅ ላይ ያለን ሰዎች ይሄን እንኳን ተስማምተን ብንይዝ ብዙ ነገር ይቀላል፣ አሁን እኮ ሁለት ጀልባ ሲገናኝ በእጅ ምልክት ነው የሚግባባው።

ሞተረኛው
እኔ አውትቦርድ፣ ጀልባ ኋላ ላይ የሚገጠመውን ሞተር ነው የምጠግነው፣ ከሙያዬ ላይ ልጨምር።

አንደኛ ቀይዋ ገመድ። ሞተሩ ላይ የምትንጠለጠል ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ አለች፣ ጫፏን እጅህ ላይ ወይ ላይፍ ጃኬትህ ላይ ታስራታለህ፣ ከጀልባው ከወደቅክ ትነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ገመዷ የለችም፣ ወይ ቦታው ላይ ላስቲክ ታስሮበት ሞተሩ ያለ ገመድ እንዲነሳ ተደርጓል። ይሄ ማለት ነጂው ከወደቀ ጀልባው ያለ ሰው ይሄዳል፣ መሪው ከተለቀቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክብ እየሰራ ይዞርና የወደቀውን ሰው ራሱ ፕሮፔለሩ ያገኘዋል። አሜሪካ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ26 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ይህችን ገመድ ማሰር በፌዴራል ህግ ግዴታ አድርጋለች። እኛ ጋ ገመዷ አለች፣ ሞተሩ ጋ አብራ ነው የምትመጣው፣ መጠቀም ብቻ ነው የቀረው።

ሁለተኛ ከፍታ። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ 40 ፈረስ የተባለው ሞተር እዚህ ከ15 በመቶ በላይ ጎድሎት ነው የሚሰራው። ሰው ግን ካታሎጉን አይቶ ነው የሚጭነው። ከንፋስ ጋር ስትታገል ነው ጉድለቱ የሚታወቅህ።

ሶስተኛ ጭነት። ፋብሪካው ሰሌዳ ለጥፎበት ከሆነ እሱን አንብብ። ከሌለ ለትንሽ ጀልባ፣ ከ20 ጫማ ላነሰ ማለቴ ነው፣ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ቀላል ሂሳብ አለ፣ ርዝመቱን በጫማ በስፋቱ አባዝተህ ለ15 ታካፍላለህ። 18 ጫማ በ6 ጫማ ከሆነ 7 ሰው ነው። እሱም ውሃው ጸጥ ሲል ነው፣ ጎንደሬ ድግስ ይመስል ቢራ በሳጥን፣ ስፒከርና ጄኔሬተር ስትጭን የሰውን ቁጥር ትቀንሳለህ።

ነዳጅ ደግሞ ሶስት ቦታ ከፍለህ አስብ፣ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። እንግዳ ሲቸኩል ነዳጅ ሳይለካ የሚወጣ አለ። እና ሰሜኑ በኩል ወደ ደምቢያ ጎርጎራ አካባቢ የምትሄዱ እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲይዝ ጋዝ በመስጠት አይለቅም፣ ሞተር አጥፍታችሁ አንስታችሁ በእጅ ነው የሚጸዳው፣ አለበለዚያ ማቀዝቀዣ ውሃው ይዘጋና ሞተሩ ይቃጠላል።

አባይ ማዶ
ወንድሜ ስለ ገመዷ የነገርከን ዛሬ የሰማሁት አዲስ ነገር ነው። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው፣ ፈቃድ አይደለም። ትምህርቱን በነጻ በቴሌግራም ብታስተላልፉት አይበቃም?

ነርስ ነኝ
አይበቃም ወንድሜ፣ እኔ ስራዬ ላይ የማየው ስለሆነ ነው እንዲህ የምለው። ቪዲዮውን የሚያየው ቀድሞም የሚጠነቀቀው ሰው ነው። መጠንቀቅ ያለበት አያየውም።

የአሜሪካ ኮስት ጋርድ፣ የባህር ጠረፍ ጠባቂው፣ በየዓመቱ የጀልባ አደጋ ሪፖርት ያወጣል፣ በየዓመቱ የሚለው ተመሳሳይ ነው፣ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት በመስጠም ነው የሚሞቱት፣ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ ከአስሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም። ምክንያቱ በታወቀው የሞት አደጋ ላይ ደግሞ አልኮል ከፊት ነው። ጃኬቱ ጀልባው ላይ ነበረ፣ አልለበሱትም። ወንበር ስር ያለ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፣ ውሃ ውስጥ ሆነህ ፈልገህ አውጥተህ ማሰር አትችልም።

ህጻን ላይ የአዋቂ ጃኬት የምታለብሱ ወላጆች እባካችሁ ተዉ። ህጻኑ ከስር ሾልኮ ይወጣና ጃኬቱ ብቻ ይንሳፈፋል። የልጅ ጃኬት በኪሎ ነው የሚመረጥ፣ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል። አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ያዙና ወደ ላይ ሳቡት፣ ጆሮው ድረስ ከወጣ አይሆንም።

የሚሰጥም ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም፣ ትንፋሽ ለመሳብ ሲታገል ድምጽ ማውጣት አይችልም፣ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። አጠገባችሁ ያለ ሰው ጨዋታ ላይ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ።

ካወጣችሁት በኋላ ደግሞ ሆዱን አትጫኑ፣ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉ። ይሄን አሁንም ሐይቅ ዳር ሲያደርጉ አያለሁ፣ ሰውየው አየር ነው የሚያስፈልገው፣ በሆዱ ያለው ውሃ አይደለም የገደለው። የማይተነፍስ ከሆነ ቶሎ በጀርባው አስተኝታችሁ አገጩን ወደ ላይ አንስታችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ መጀመሪያ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዛ ካልነቃ ደረቱን 30 ጊዜ ተጭናችሁ 2 ትንፋሽ፣ እንዲህ እየቀጠላችሁ ወደ ህክምና። የአውሮፓ የልብና የትንፋሽ ማስመለሻ መመሪያ ለሰጠመ ሰው ከትንፋሽ ጀምሩ ነው የሚለው። ነቅቶ ቢነሳም ሆስፒታል ይታይ፣ ሳንባው በኋላ ሊያስቸግረው ይችላል።

ይሄ ካርድ ለማግኘት ግዴታ ቢሆን በየጀልባው አንድ ሰው እንኳን ያውቀዋል ማለት ነው። ለኔ ካርዱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሰላም ሁን
ጄኔሬተርና ቢራ የምትሉት እውነት ነው፣ ባለፈው የሰርግ ጀልባ ላይ ነጂው ራሱ ሲጠጣ አይቻለሁ፣ ማንም አልተናገረውም።

ነርስ ነኝ
ተሳፋሪው ነው መናገር ያለበት። ከምሳ በኋላ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ጀልባ ላይ አልወጣም ማለት መብት ነው።

ሐይቅ ዳር ሰራተኛ
እኔ እንግዳ ማረፊያ ነው የምሰራው፣ ካያክ፣ በመቅዘፊያ የሚሄደውን ጠባብ ጀልባ፣ እናከራያለን። ካያክ ሞተር የለውም ስለዚህ ከካርዱ ነጻ ይሆናል ማለት ነው? እንደኔ መሆን የለበትም፣ ቢያንስ የካናዳው የፈረሙት ወረቀት ይኑር። ካያክ የሚይዝ ሰው መዋኘት እችላለሁ ብሎ ነው ጃኬት የማይለብሰው። ጠዋት ከዳር ወጥቶ ንፋሱ ከኋላው ሲሆን ደስ እያለው ይርቃል፣ ሲመለስ ንፋሱ ፊቱ ላይ ነው፣ ክንዱ ይዝላል። እኛ ጋ አሁን ከስንት ሰዓት በኋላ ካያክ አንሰጥም ብለናል፣ እንግዳ ይቆጣል፣ ግን እንቢ ነው የምንለው። ፉጨት አንገቱ ላይ አስረን ነው የምንልከው፣ ድምጽህ የማይሰማበት ቦታ ላይ ፉጨት ይሰማል።

አባይ ማዶ
እሺ፣ የነርሷ ነጥብ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ እህቴ። አንድ ነገር ግን አልቀበልም፣ መጀመሪያ ነጂው ላይ ሳይሆን ጀልባው ላይ ይጀመር። ኡጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. የሽርሽር ጀልባ ሰጥሞ ከ30 በላይ ሰው ሞቷል፣ ሙዚቃ ያለበት የመዝናኛ ጉዞ ነበር፣ ፖሊስ ያኔ የተናገረው ጀልባው ፈቃድ እንዳልነበረውና ከአቅሙ በላይ እንደጫነ ነው። በዛው ዓመት መስከረም ላይ ታንዛኒያ ውስጥ በዛው ሐይቅ ላይ በሰጠመችው ፌሪ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ የመጫን አቅሟ 100 ነበር። ነጂው ካርድ ቢኖረው ምን ያደርጋል ጀልባው ራሱ ካልተቆጠረ? ስንት ሰው እንደሚይዝ ጎኑ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፣ ዳር ላይ የቆመ ህጻን እንኳን ቆጥሮ «ሰው በዝቷል» እንዲል።

ሞተረኛው
በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቁጥሩ በቀለም፣ በአማርኛ፣ ከዳር የሚነበብ።

እናቴ ለንግስ
ይቅርታ ከርዕሱ ከወጣሁ፣ ግን የካቲት 16 ለኪዳነ ምህረት እናቶቻችን ወደ ዘጌ ሲሳፈሩ ነው እኔ የምፈራው፣ ያ መዝናናት አይደለም፣ ግን ጀልባው ከሽርሽሩ የባሰ ይሞላል። ነጠላና ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እናቶች መዋኘት አይችሉም። ለነሱ ማን ይናገርላቸው?

የሽምብጥ ልጅ
ከርዕሱ አልወጣሽም እህቴ። እሱ የንግድ ጀልባ ስለሆነ በሌላ ህግ ይታያል፣ ግን የጎኑ ላይ ቁጥርና የጃኬቱ ነገር ለሁሉም አንድ ነው። ጃኬቱን ከነጠላው ላይ ማልበስ ይቻላል፣ ቀሳውስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቢናገሩት ከማንኛችንም በላይ ይሰማሉ።

አሁን እስካሁን ያላችሁትን ይዤ ሐሳቤን ላሻሽል፣ ቅሬታ ያለው ይናገር።

ካርዱ ሞተር ለመዝናናት የሚይዝ ሰው ላይ ብቻ ይሁን፣ ታንኳና የቀዘፋ ጀልባ አይካተት። ለአንድ ቀን ተከራይ ካርድ አይጠየቅ፣ ግን ባለጀልባው ዳር ላይ ሳይነሱ ወረቀቱን አብሮ ያንብብለት፣ መሪ ላይ ሲቀመጥም ባለጀልባው አጠገቡ ይሁን። ካያክም በወረቀቱ ይሂድ።

ፈተናው ግን ውሃው ላይ ይሁን፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ወረቀት ላይ ያለውን ጥያቄ መልሱን ገዝተህ ልትሸመድደው ትችላለህ፣ ውሃ ላይ ግን የምትችለው ይታያል። አንድ ቢጫ ጄሪካን ውሃ ውስጥ ይጣል፣ ሰው ወደቀ ተብሎ። ዞረህ ከንፋሱ በታች ሆነህ ቀስ እያልክ ወደ ንፋሱ ቀርበህ፣ ሞተርህን ገለልተኛ ላይ አድርገህ ወይ አጥፍተህ፣ ጄሪካኑን በጎንህ አንሳው። ፕሮፔለሩ እየዞረ ከቀረብክ ወደቅክ። ቀጥሎ ጃኬትህን ለብሰህ ራስህ ውሃ ውስጥ ግባ፣ ከዛ ተመልሰህ ጀልባው ላይ ውጣ፣ ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባ ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ያን ቀን ነው። መልህቅ መጣል፣ ገመዷን ማሰር፣ በታንኳ አጠገብ ጋዝ ቀንሶ ማለፍ፣ በማዕበል ላይ አፍንጫውን መያዝ። ጀልባው ቢገለበጥ ከጀልባው አለመለየት፣ ዳሩ ቅርብ መስሎ ዋኝቶ መሄድ ስንቱን እንደበላ ጋሼ ይንገሩን። መጨረሻ ላይ ነርሷ ያለችው አምስቱ ትንፋሽ።

ማን ያስተምር ለሚለው፣ ከተማችን ውስጥ በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስር የማሪታይም፣ የባህረኞች ማለቴ ነው፣ ማሰልጠኛ አለ፣ ለውቅያኖስ መርከብ መሃንዲስ ያሰለጥናል፣ ስለ ህይወት ማዳንና እሳት ማጥፋት የሚያስተምር ባለሙያ አለው። የጣናን ድንጋይና ንፋስ ደግሞ እንደ ጋሼ ያሉ ባለጀልባዎች ያስተምሩ፣ የድካማቸው ይከፈላቸው፣ ጎብኚ በቀነሰበት ጊዜ ለነሱም ስራ ነው። ህጉን በተመለከተ የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 የሀገር ውስጥ ውሃንም ስለሚያይ ከባዶ የሚጀመር ነገር አይደለም።

ግዴታው ደግሞ እንደ ካናዳ ቀስ ብሎ ይምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር መጻፍና ጃኬት መልበስ ብቻ ግዴታ ይሁን፣ ይሄ ስልጠና አያስፈልገውም፣ ነገ መጀመር ይቻላል። ካርዱ ከዛ በኋላ አዲስ ጀልባ ከሚገዙት ይጀምር።

የደንገል ልጅ
ሞገዱ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂነቱን ረሳኸው።

የሽምብጥ ልጅ
አልረሳሁትም ወንድሜ፣ ግን በግልጽ መጻፍ ነበረበት፣ ልክ ነህ። ይግባ። መረብና ታንኳ ላይ ጉዳት ያደረሰ ይክፈል፣ ከደገመ ካርዱ ይነጠቅ።

መቅዘፊያ
ስለ መዋኘት ጠይቀሃል። ጣና ላይ መሬቱ ሁልጊዜ ከሚመስልህ ይርቃል፣ ደሴቶቹ ላይ ዛፉ ረጅም ስለሆነ ቅርብ ይመስላል። የተገለበጠ ጀልባ ግን አብዛኛው ይንሳፈፋል፣ የያዘው ሰው ይታያል፣ ብቻውን የሚዋኝ ጭንቅላት ግን በማዕበል ውስጥ ፈልገህ አታገኘውም። እኛ ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው ጀልባውን ነው።

ማስተማሩን በተመለከተ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፣ ሌሎችም አሉ። አንድ ነገር ብቻ፣ ተማሪው ጠዋትም ከሰዓትም ይምጣ። ጠዋት ብቻ የተማረ ጣናን አልተማረም። ከሰዓቱን ንፋስ ከዳር ሳይርቅ ከኔ ጋር ሆኖ ይቅመሰው፣ ከዛ በኋላ ራሱ ነው አልወጣም የሚለው።

ተመላሽ ከካልጋሪ
ጋሼ ይሄን የሚያክል ፈተና ካናዳም የለም። እኔ ወረቀቱን፣ የኪራዩን ማለቴ ነው፣ በአማርኛ ላዘጋጀው፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ሐይቅ ዳር ሰራተኛ አንተ ጋ ይሞከር?

ሐይቅ ዳር ሰራተኛ
ላከው፣ አለቃዬን አናግሬያለሁ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚነበበው።

አባይ ማዶ
እኔ አሁንም ካርዱ ላይ ሙሉ ልቤ አልገባም፣ ግን ፈተናው ከሰዓት በኋላ፣ ዳር ላይ ሰው እያየ፣ ጄሪካን በማንሳት ከሆነ አልቃወምም። ማለፍና መውደቅ በይፋ ይሁን፣ ዳር የቆመው ሁሉ ጄሪካኑ ተነሳ አልተነሳ ያያል። የፈታኙና የአስተማሪው ሰው አንድ አይሁን፣ ክፍያውም ለፈታኙ በእጁ አይሰጥ። ይሄ ሁለቱ ከተጻፈ ፊርማዬን አስገቡ።

ሞተረኛው
የማጥፊያዋን ገመድ የጠፋባችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የሞተሩን ሞዴል ንገሩኝና ትክክለኛዋን አገኝላችኋለሁ፣ መግጠሙን አላስከፍልም። ላስቲክ የታሰረበት ካለ ግን ላስቲኩን ፈትቼ ነው የምመልሰው።